ዳለቻው በሬ የጫረው የመኪና በር

ጣልያን አገራችንን በያዘበት ዘመን ጎጆ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረች። መንገድ ዳር መሆኗን መጀመሪያ እወደው ነበር። አላፊ አግዳሚው እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ያልፋል፤ የገበያ ወሬ ከማንም ቀድሞ ለእኛ ይደርሳል። መኪና የሚሉት ነገር ከመጣ ወዲህ ግን ምነው ከተራራው ጀርባ በሠራኋት አልኩ።

ሀብቴ ሁለት በሬ ነበር። አንዱን አባቴ ሰጠኝ፤ ቀይ፣ ዝምተኛ፣ ጎትት ሲሉት የሚጎትት፣ ቁም ሲሉት የሚቆም። ሁለተኛውን አማቴ ከልጃቸው ጋር በማጫ ሰጡን፤ ዳለቻ፣ ትከሻው እንደ ጎተራ የሰፋ፣ በእርሻ ላይ ወደር የሌለው፣ ጠባዩ ግን እሳት። ሌላ በሬ ሲያይ አይወድም። ቀዩን የቻለው እንኳ ቀንበር አንድ ላይ ስላዋላቸው ነው። አማቴ የይጁቤ ሰው ናቸው። በሬውን ባስረከቡኝ ቀን፣ ከልጃቸው ይልቅ ስለ በሬው ነበር አደራ ያሉኝ። «ልጄስ አፍ አላት፣ ከከፋት ትነግረኛለች፤ እሱ ግን ምን አፍ አለው?» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ያ ክረምት ዝናቡ ያየለበት ነበር። ፍልሰታ ገብቷል፣ የጤፍ እርሻዬ ለዘር አንድ እርሻ ብቻ ቀርቶታል። አንድ ቀን ጠዋት በሬዎቹን ልጠምድ ስወጣ አንዲት ትንሽ መኪና ከመንገዱ ወጥታ ዋልካው ውስጥ እስከ ሆዷ ሰጥማለች። ባለቤቷ የመንገድ ሥራ አለቃ የሆነ ጣልያን ነው። ጫማው በጭቃ ተሞልቶ፣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ አስካሪ የሚሉትን አንድ ጥቁር ወታደር አስከትሎ ወደ እኔ መጣና በእጁ በሬዎቹን አሳየኝ፤ ከዚያ መኪናዋን አሳየኝ። ማስተርጎም አላስፈለገም።

ጠመድኳቸው። ቀዩ ዝም ብሎ ጎተተ። ዳለቻው ግን ከኋላው ምን እንደሚመጣ ለማየት እየዞረ፣ እየተነፈሰ ጎተተ። እንደምንም መኪናዋን ከዋልካው አወጧት። ወደ ግቢዬ ትግባ ስለተባለ አጥሩን አፍርሼ መግቢያውን አሰፋሁ። ጣልያኑ ደስ ብሎት ዳለቻውን ጎኑን መታ መታ አደረገውና «ብራቮ! ብራቮ!» አለ። እኔ ግን አመታቱ አላማረኝም። ጎኑን መትቶ አልበቃው ብሎ ታፋውን ጨበጥ አድርጎ ለቀቀ። ሥጋ ሻጭ እንጂ አራሽ እንደዚያ አይጨብጥም።

እንዲያ ያስፈራኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ በፊት የጎረቤታችን ወይፈን ጀርባውን ሊያክ ተጠግቶ የስልክ እንጨት ጣለ። በዚያው ዕለት ወደ ጦር ሰፈሩ ነዱት፤ ቆዳው እንኳ አልተመለሰም። እንጨቱን ግን ወዲያው መልሰው አቆሙት።

ጣልያኑ ከመኪናዋ ሆድ ውስጥ አንድ የተሰበረ ብረት አወጣ፣ በቅሎ አስመጣ፣ ሌላ ብረት ሊያመጣ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄደ። ከመሄዱ በፊት አስካሪውንና እኔን ጎን ለጎን አቆመንና ጣቱን ወደ መኪናዋ፣ ከዚያ ወደ እኛ፣ ከዚያ ወደ ገዛ አንገቱ አደረገ። ይህንንም ማስተርጎም አላስፈለገም።

አስካሪው ከሩቅ አገር የመጣ፣ አማርኛ ግን የሚያውቅ፣ ረጅም፣ ጢሙን ከጠብመንጃው አብልጦ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ከአለቃው ፊት ለመመስገን ብሎ ሚስቴን እንዶድ ለመናትና መኪናዋን አጠባት። ሲያጥብ የዋልካው ጭቃ ለቀቀ፤ ደርቆ በጨርቅ ሲወለውላት ደግሞ በሩ እንደ ኩሬ ውሃ አበራ። ወዲያው ቁጢጥ ብሎ በሩ ላይ ጢሙን ማስተካከል ጀመረ። ሚስቴ ከማድቤቱ ሆና እያየች አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ቅዳሴ እንደወጣ እኔና አስካሪው ቤት ገብተን ንፍሮ ቀረበልን። በሬዎቹን ከቀንበር ፈትቼ ግቢው ውስጥ ለቅቄያቸው ነበር። ገና አንድ ጭብጥ እንዳነሳን ውጭ «ጓ!» የሚል ድምፅ ሰማን። ብረት ነው። አስካሪው ንፍሮውን በአፉ እንደያዘ ዘሎ ወጣ። እኔም ተከተልኩ።

ዳለቻው መኪናዋ ፊት ቆሟል። አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ አፈር በእግሩ እየዛቀ፣ በሩን አፍጥጦ ያያል። በሩ ውስጥ ደግሞ አንድ ሌላ ዳለቻ በሬ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ አፈር እየዛቀ፣ አፍጥጦ ያየዋል።

«በሬህ አብዷል!» አለ አስካሪው፣ ንፍሮውን ውጦ።

«አላበደም። ሰው ግቢ የገባ በሬ አይቶ ነው።»

«የቱ በሬ?»

«እሱን ራሱን ነዋ። አንተስ ጠዋት ጢምህን ስታይበት አልነበር? እሱም አየ።»

ጎትቼ አሰርኩት። ከዚያ ሦስታችንም በሩ ፊት ቆምን፤ አስካሪው፣ እኔና ሚስቴ። ከመክፈቻው ጀምሮ ወደ ኋላ የሚሄድ፣ ቀጭን፣ ረጅም ጭረት ነበር። ቀለሙ ተልጦ ነጭ ብረቱ ወጥቷል።

«እኔ አለቀልኝ» አለ አስካሪው። «ዘብ ቁም ተብዬ ንፍሮ ስበላ!»

«አንቱስ ይገረፋሉ፣ ይድናሉ» አለችው ሚስቴ። ሙሽራ ናት፣ እስከዚያ ቀን ለእንግዳ ድምፅዋን አውጥታ አታውቅም። «በሬያችን ግን ይበላል። በሬው ከተበላ ጤፉ አይዘራም። ለአባቴስ ማን ሄዶ ይነግርልኛል?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። ለአባቷ የምነግረው እኔ መሆኔን ሁለታችንም እናውቃለን።

አስካሪው ምራቁን ቀባው፤ ሲደርቅ ጭረቱ ተመልሶ መጣ። እኔ ጭቃ ቀባሁበት፤ እሱም ደርቆ ረገፈ። በመጨረሻ ሚስቴ «የኔታን ለምን አንጠራም?» አለች።

የኔታ የደብራችን መምህር ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ የሳሉትም እሳቸው ናቸው። ብራና ይፍቃሉ፣ ቀለም ይበጠብጣሉ፣ ጠላ አይጠሉም። ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው። መኪና የሚባለውን ነገር በቅርብ ሊያዩት ሲመኙ ኖረዋልና ጾም ነው፣ ደክሞኛል ሳይሉ ከረጢታቸውን ይዘው መጡ።

መጀመሪያ መኪናዋን ዞሯት። ከፊት ቆመው የመብራቶቿን ዓይኖች ረጅም ጊዜ አዩ።

«ከፊት ሁለት ዓይን አላት» አሉ። «በእኛ አሣሣል ጻድቅ ናት ማለት ነው።» ከዚያ ወደ ጎን ዞሩ። «ከዚህ ሲያይዋት ግን አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚታየው።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኃጥእ ነው እንዲህ የሚሣለው። ባለቤቷ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«የኔታ፣ ጭረቱን ይዩልን» አልኩ።

«አየሁት። ይህች ምን አላት! ብራና ስንቱን ቁስል ይዞ ይመጣ የለም?» ብለው ከከረጢታቸው ብራና የሚያለሰልሱበትን ድንጋይ አወጡ። ቁጭ ብለው ይፍቁ ጀመር። እኛም ደስ አለን፤ የእጃቸው አካሄድ ያምራል። እየዘመሩ ፋቁ። ሲበቃቸው እፍ ብለው አቧራውን አራገፉና «ይኸው፣ ጭረቱ ጠፋ» አሉ።

እውነት ጠፍቷል። በጭረቱ ፋንታ ሁለት እጅ የሚያክል ራቁት ብረት ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል።

አስካሪው ጠብመንጃውን መሬት ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። «ይገድለኛል» አለ። «መጀመሪያ ክር ነበር፤ አሁን እኮ መስኮት ሆነ!»

«ዝም በል አንት ሰው» አሉት የኔታ። «ቁስል ሳይጸዳ ይሽራል እንዴ? ይልቅ ጨርቅ አምጡ።»

«ጨርቅ ለምን?»

«ግድግዳ እንኳ ያለ ጨርቅ ቀለም አይዝም። መጀመሪያ ጨርቁ ይለጠፋል፣ ከዚያ ጨርቁ ይቀባል። ብረትማ እንዴት ይይዘዋል? አቡጀዲ አምጡ፣ ያልተጠቀሙበት፣ ያላደፈ።»

በቤታችን ያላደፈ አቡጀዲ አንድ ብቻ ነበር፤ የሚስቴ የሠርግ ቀሚስ። ሚስቴ ገባች፣ ቀሚሱን ይዛ ወጣች፣ ከታችኛው ጠርዝ በጥርሷ ያዝ አድርጋ «ትርር» አደረገችው። ለየኔታ ስትሰጥ ግን ዓይኗ እኔ ላይ ነበር።

«ይመለስልኛል» አለች።

«ይመለሳል» አልኩ። ከጣልያን መኪና ላይ ጨርቅ እንዴት አድርጌ እንደምመልስ ግን እኔም አላወቅሁ።

ማጣበቂያው የሚሠራው ከቁርጥራጭ ቆዳ ነው። ቆዳው በድስት እስኪዝለገለግ ይቀቀላል። ሽታውን አልነግራችሁም። የመንደሩ ውሻ በሙሉ አጥሩ ሥር ተሰለፈ። የኔታ ጨርቁን ነክረው በሩ ላይ ለጠፉት፣ በመዳፋቸው እያሻሹ አስተካከሉት። ዞር ከማለታቸው አንድ ውሻ ሾልኮ ገብቶ መኪናዋን በፍቅር ይልሳት ጀመር። አስካሪው «ሂድ! ሂድ አንት!» እያለ በሰደፉ አባረረው። ሌላው በዚያ በኩል መጣ። ያን ዕለት አስካሪው ከሽፍታ ይልቅ ለውሻ ዘብ ቆሞ ዋለ።

ጨርቁ ከደረቀ በኋላ ቀለሙ መጣ። የኔታ ሌላ ጊዜ ቀለም የሚበጠብጡት በእንቁላል ነው። አሁን ግን እምቢ አሉ።

«መቀቢያዬን በምላሴ ነው የማሾለው። በፍልሰታ እንቁላል ልቀምስ ነው?»

«አይላሱታ፣ የኔታ!»

«ሳልልስ መሥመር አይወጣልኝም።» ስለዚህ በዛፍ ሙጫ በጠበጡት። የመኪናዋ ቀለም አስቸጋሪ ነው፤ አረንጓዴ እንዳትለው ግራጫ ነው፣ ግራጫ እንዳትለው አረንጓዴ ያመጣል። አስካሪው «የወታደር ቀለም» አለው። እኔ አመድ ነው አልኩ። ሚስቴ ናት የፈረደችው፦

«ዳለቻ ነው። አታዩም እንዴ? በሬውን አስመስለው ይቀቡት።»

የኔታ በሬውን አስመጡት። ከገመዱ ሳይፈታ መኪናዋ አጠገብ አቆምነው፤ በሩ ላይ መልኩን እንዳያይ ሚስቴ ነጠላዋን ጋረደችበት። እሳቸው አንድ ጊዜ ጎኑን፣ አንድ ጊዜ በሩን እያዩ ጥቀርሻ ጨመሩ፣ አመድ ጨመሩ፣ ከቅጠል የጨመቁትን አረንጓዴ ጠብ አደረጉ። ጥፋተኛው ለገዛ ጥፋቱ መሸፈኛ ናሙና ሆኖ ቆመ። ሲያመሰኳ ነበር።

አምላክ ምስክሬ ነው፣ ቀለሙ ገጠመ። ከሩቅ ቢያዩት አይለይም። ከቅርብ ግን... ከቅርብ ጨርቅ ነው። የኔታ ጨርሰው ወደ ኋላ ራቅ ብለው አዩት፣ እንደገና ቀረቡ። እጃቸው አላርፍ አለ።

«ባዶ ጨርቅ ቀብቼ አላውቅም» አሉ። «ትንሽ ሐረግ ጠርዙ ላይ...»

«የኔታ፣ በእናትዎ!» አልኩ።

«አይታይም። በዚያው ቀለም ነው የማደርገው፣ ጠቆር አድርጌ።» እኔ ስለምን፣ አስካሪው ሲለምን፣ እሳቸው መቀቢያውን ልሰው ጠርዙ ላይ ጥምልምል ያለች ሐረግ አወረዱ። በመጽሐፍ ራስጌ ላይ የምትደረገዋን ዓይነት። ያማረች ነበረች፣ ልክድ አልችልም።

ሰማዩ ሲጠቁር ገሣዬን አወጣሁና በሩ ላይ አለበስኩት። ዝናብ ሙጫ እንደሚያሟሟ ሁላችንም እናውቃለን። ጣልያኑ እስኪመለስ ድረስ እኔ በየሜዳው በዝናብ ስበሰብስ መኪናዋ ገሣ ለብሳ ሰነበተች። አላፊ አግዳሚው «መኪናዋ በረዳት?» ይለኛል። «ወልዳ ነው» እላለሁ።

ጣልያኑ የመጣው ፀሐይ ብልጭ ባለበት ቀን ነው። በቅሎው ከሩቅ እንደታየ ገሣውን አነሳሁ። አስካሪው በሩ ፊት ቆሞ ትከሻውን አሰፋ። ጣልያኑ ግን በሩን አላየም። ብረቱን ከመኪናዋ ሆድ ውስጥ አስገባ፣ መታ፣ ተሳደበ፣ እንደገና መታ፤ መኪናዋ አስላ ተነሳች። እኛ ተነፈስን። ጎማዎቹ ግን በጭቃው ላይ ከመሽከርከር በቀር ወዴትም አልሄዱም። ጣልያኑ አንገቱን በመስኮት አወጣና «በሬ! በሬ!» አለ።

በሬዎቹን ላመጣ ስሄድ ሚስቴ ክንዴን ጨበጠችኝ።

«ቀንዱን ይዩ» አለች በሹክሹክታ።

አየሁት። የዳለቻው የቀኝ ቀንድ ጫፍ የመኪናዋን ቀለም እንደያዘ ነው። እኛ በሩን ስናክም ቀንዱን ማን አሰበው? ሚስቴ ሳትጠይቀኝ ከሥሯ ጭቃ ዘግና ቀንዱን ለቀለቀችው፤ ያንዱ ብቻ እንዳያስታውቅ የሌላውንም ቀንድ፣ ቀጥላም የቀዩን ቀንዶች ለቀለቀች።

ጣልያኑ በሬዎቹ ባለ ጭቃ ቀንድ ሆነው ሲመጡ ቅንድቡን አነሳ። አስካሪውን ጠየቀው።

«ምን አለ?» አልኩት።

«ይህ ምንድን ነው አለ። ያገሩ ልማድ ነው፣ ለጤፍ ዘር እንዲህ ያደርጋሉ ብየዋለሁ።»

ጠመድኳቸው። ጣልያኑ መሪውን ይዞ «አቫንቲ!» አለ። በሬዎቹ ጎተቱ፣ መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። በመግቢያው በኩል ስታልፍ በሬዎቹ ቀጥ ብለው ነው የሄዱት፣ እኔ ፊት ፊታቸው ነበርኩ። ጣልያኑ ግን ሊረዳቸው ፈልጎ ይሁን አላውቅም፣ መሪውን ወደ ጎን ጠመዘዘ። መኪናዋ በጎኗ የመግቢያውን ቋሚ እንጨት «ክርርር» አድርጋ ጨረችው። ጨርቁ በእንጨቱ ጉጥ ተይዞ ተልጦ ቀረ። ራቁቱ ብረት ወጣ።

ጣልያኑ አቆመና ወረደ። ብረቱን አየ። እንጨቱን አየ። ከዚያ ረጅም ጊዜ ሁለት እጆቹን አየ። ሚስቴ ተጣድፋ እንጨቱን ተደግፋ ቆማለች፤ ጨርቁ ከጀርባዋ ነው።

አስካሪው ቀስ ብሎ አንድ ነገር አለው። በኋላ ስጠይቀው «እንጨቱ ነው ጥፋተኛው፣ ጌታዬ» ማለቱ ነበር።

ጣልያኑ «ማዶና!» አለና እንጨቱን በጫማው ጠለዘው። እንጨቱ ወይራ ነበር። በአንድ እግሩ እየዘለለ ወደ መኪናው ተመለሰ። ዳለቻው ጋ ሲደርስ ግን ቆም ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ «አንተ ከእኔ ትሻላለህ» የሚል ይመስል ነበር። ታፋውን አልጨበጠም። መኪናዋ መንገዱ ላይ ስትወጣ በሬዎቹን ፈታሁ፤ አስካሪው ከኋላ ተንጠልጥሎ ሲሄድ ጢሙን በጣቱ ጠምዝዞ ሰላም አለን።

በዚያው ሳምንት ጤፉን ዘራሁ።

የኔታ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ጠርተው «እህ፣ ምን አለ? ቀለሙን አመሰገነ?» አሉኝ። እንዴት ብዬ አላየውም ልበላቸው? «እጁን አየ፣ ዝም አለ» አልኳቸው። እውነቴን ነው። «መደነቁ ነው» ብለው ደስ እያላቸው ሄዱ።

ጨርቁን ሚስቴ አጠበችው፤ ቀለሙ አልለቅ አለ። የቀሚሷን ጠርዝ መልሳ እንዳትሰፋበት ነጭ ላይ ዳለቻ አይሆንም። እርሻ የጨረሰው ሱሪዬ መቀመጫው ሳስቶ ነበርና እዚያ ላይ ጣፈችው። «አንቱ ነዎት ይመለሳል ያሉኝ፣ አንቱ ይልበሱት» አለችኝ።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ አማቴ ከይጁቤ ሊጠይቁን መጡ። እኔ ጎንበስ ብዬ ጤፌን እያረምኩ ነበርና ከኋላዬ መምጣታቸውን አላየሁም። ድንገት እንዲህ ሲጮኹ ሰማሁ፦

«በሬዬ! አንት ልጅ፣ በሬዬን አርደህ ቆዳውን ለበስከው?»

ቀና ብዬ ስዞር ከዘራቸውን ወደ መቀመጫዬ ቀስረዋል። ምንም ብላቸው አልሰሙኝም። ወደ ግቢው ሮጡ፤ በዚያ ዕድሜያቸው እንዲያ ይሮጣሉ ብዬ አልጠበቅሁም። እኔም ተከተልኳቸው። ዳለቻው ዛፉ ሥር ተኝቶ ያመሰኳል። አንገቱን አቀፉት፣ ጎኑን ዳበሱት፣ ጆሮውን ገልጠው አዩ። ከዚያ አንዴ ወደ እሱ፣ አንዴ ወደ ሱሪዬ እያዩ ቀረብ ብለው በጣታቸው እራፊውን ነካ አደረጉት።

«ቀለሙ የእሱ ነው» አሉ። «ይህች ሐረግ ግን የምን ናት?»

ሚስቴ ከማድቤቱ ብቅ ብላ «ቤት ይግቡ አባባ፣ ነገሩ ረጅም ነው» አለቻቸው።